የትኛው የሜይል ሰርቨር ነው አፕዴት የማይፈልገው?

ጥያቄ፦ «በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የአይቲ ሠራተኛ ነኝ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለሁትም እኔ ብቻ ነኝ። የራሳችን የሜይል ሰርቨር አለን። በ2017 የተተከለ ነው፤ ዴቢያን 9 ላይ ኤግዚም 4.89፣ ዶቭኮትና ራውንድኪዩብ። ወደ 40 ሠራተኞች ይጠቀሙበታል። የተከለው ልጅ ‹የሚሠራን ነገር አትነካኩ› ብሎን ወደ ውጭ ሄደ። እኛም አንድም ቀን አፕዴት አላደረግንም፤ ተበላሽቶም አያውቅም። ፋየርዎልና አንቲቫይረስ አለን። አሁን ኦዲተሮች አፕዴት አድርጉ እያሉን ነው። እኔ ደግሞ ከነካሁት ይበላሻል ብዬ እፈራለሁ። አንዴ በደንብ ከተተከለ አፕዴት የማይፈልግ የሜይል ሰርቨር የለም ወይ? ኪውሜይል እንደዚያ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ወደ እሱ ብንቀይር ይሻላል?»

የለም። ኪውሜይልም አይደለም። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። ጥያቄዎን ሳነብ ግን መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው 4.89 የምትለው ቁጥር ላይ ነው። እሷ ቀጠሮ አትሰጥም፤ ከእሷ ልጀምር። ለሌላው አንባቢ፦ ዴቢያን ሰርቨሩ የሚሠራበት ሊነክስ ነው፤ ኤግዚም ሜይል የሚቀበለውና የሚልከው ፕሮግራም ነው፤ ዶቭኮት ሠራተኞቹ ሜይል ቦክሳቸውን የሚያገኙበት፣ ራውንድኪዩብ ደግሞ በብራውዘር የሚከፈተው ዌብሜል ነው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ፣ እንደ እርስዎ 2017 ሁሉ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በጁን 2019 ኳሊስ የተባለ የደህንነት ኩባንያ ኤግዚም ውስጥ አንድ ቀዳዳ ማግኘቱን አሳወቀ። ቀዳዳው ከ4.87 እስከ 4.91 ባሉት ቨርዥኖች ውስጥ ነበር። የእርስዎ መሃላቸው ናት። ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ሜይል ሲመጣ፣ ላኪው ማሽን አስቀድሞ «ይሄ ደብዳቤ ለእገሌ ነው» ብሎ ለሰርቨሩ ይነግረዋል። በዚያ የተቀባይ ቦታ ላይ የሰው ስም በመጻፍ ፋንታ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ «ራን» የምትል ቃልና ከእሷ ቀጥሎ የሊነክስ ትእዛዝ ቢጻፍ፣ ኤግዚም ስሙን ስም ነው ብሎ አያልፈውም። ይፈጽመዋል። ያውም እንደ ሩት፣ ማለትም በማሽኑ ላይ ሁሉን ማድረግ እንደሚችለው ባለ ሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ ሆኖ። ፓስወርድ የለ፣ ሠራተኛ የሚጫነው ሊንክ የለ። ፖስተኛው ፖስታው ላይ ከአድራሻው ቦታ «ካዝናውን ክፈት» ተብሎ ቢጻፍለት ሄዶ ይከፍታል እንደማለት ነው።

በተለመደው ኮንፊግ (የፕሮግራሙ ቅንብር) ከሩቅ ለመግባት ግንኙነቱን 7 ቀን ሙሉ ክፍት አድርጎ፣ በየጥቂት ደቂቃው አንዲት ፊደል እየላኩ መቆየት ያስፈልግ ነበር። ሰው ይሰለቻል፤ ስክሪፕት አይሰለችም። ኮንፊጉ ትንሽ ተነካክቶ ከሆነ ደግሞ 7 ቀኑም አያስፈልግም። ወሬው በወጣ በቀናት ውስጥ ጥቃቱ ተጀመረ። በሜይ 2020 ደግሞ የአሜሪካው ብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ፣ የሩሲያ ወታደራዊ መረጃ ጠላፊዎች ይህንኑ ቀዳዳ ቢያንስ ከኦገስት 2019 ጀምሮ ሲጠቀሙበት እንደቆዩ በይፋ አስጠነቀቀ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውላት አንዲት ነገር አለች። ቀዳዳው የተደፈነው በጁን አይደለም። በፌብሩዋሪ 2019 በወጣው 4.92 ውስጥ ተደፍኖ ነበር። ያኔ ግን የደህንነት ጉዳይ መሆኑን ማንም አላወቀም፤ እንደ ተራ እርማት ነው የገባው። ስለዚህ በየጊዜው አፕዴት የሚያደርግ ሰው፣ ምን እንደዳነ እንኳ ሳያውቅ፣ ወሬው ከመሰማቱ ከአራት ወር በፊት ድኗል። «አደገኛ ነገር ስሰማ አፕዴት አደርጋለሁ» የሚለው ሰው ደግሞ ከአጥቂው ጋር እኩል ነው የሰማው።

በዚህ አላበቃም። በሜይ 2021 እነዚያው የኳሊስ ሰዎች ኤግዚምን አገላብጠው 21 ቀዳዳዎች አወጡ። አሥሩ ከሩቅ የሚሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ከ2004 ጀምሮ እዚያው ኮድ ውስጥ የነበሩ ናቸው። የተደፈኑት 4.94.2 ላይ ነው። እርስዎ ያሉት 4.89 ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። መኪና ጎማው ያልቃል፣ ዘይቱ ይጠቁራል። ሶፍትዌር አያልቅም። በ2017 የተጫነው ኤግዚም ዛሬም ፊደል በፊደል ያው ነው። «ያኔ ደህና ከነበረ ዛሬ ምን ሆነ?» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል። መልሱ ያኔም ደህና አልነበረም ነው። ቀዳዳው ነበር፤ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ኮዱ ባለበት ቆሞ ሰዎች ስለ እሱ የሚያውቁት ነገር በየወሩ ይጨምራል።

ፓች፣ ማለትም ቀዳዳ የሚደፍን እርማት፣ ሲወጣ የሚያነቡት ደግሞ አይቲዎች ብቻ አይደሉም። የድሮውንና የአዲሱን ኮድ ጎን ለጎን አድርጎ የትኛው መስመር እንደተቀየረ ማየት ሙያው ላለው ሰው ከባድ ሥራ አይደለም። የተቀየረው ቦታ ቀዳዳው የነበረበት ቦታ ነው። እናም ፓቹ የወጣ ዕለት አፕዴት ያላደረገ ሰርቨር ከትናንቱ የባሰ አደጋ ላይ ነው፤ ማንም ሳይነካው።

ኪውሜይልን በተመለከተ የሰሙት ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም። ጸሐፊው ዳንኤል በርንስታይን የሒሳብና የምስጠራ ሰው ነው፤ በጥንቃቄ ነው የሚጽፈው። በ1997 ኪውሜይል ውስጥ የደህንነት ቀዳዳ ላገኘ ሰው 500 ዶላር እሰጣለሁ አለ። በ1998 ቨርዥን 1.03ን አወጣ። ከዚያ በኋላ በዚያው ቆመ። «አፕዴት የማይፈልግ ሰርቨር» የሚለው ዝና የተገነባው እዚህ ላይ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለዓመታት ያስከበረውም ዝና ነው።

በ2005 ጆርጂ ጉኒንስኪ የሚባል ተመራማሪ መጣ። ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ፣ በቂ ሜሞሪ ከተሰጠው፣ ኪውሜይል ውስጥ አንድ ቁጥር ከልኩ አልፎ ዞሮ እንደሚመለስና ይህም ቀዳዳ እንደሚከፍት አሳየ። በርንስታይን ሽልማቱን አልከፈለም። ምክንያቱ፣ ለአንድ የኪውሜይል ፕሮሰስ በጊጋባይት የሚቆጠር ሜሞሪ የሚሰጥ ሰው የለም የሚል ነበር። በ2005 ሆኖ ለሚያስበው ሰው ያስኬዳል። በ2020 ግን የኳሊስ ሰዎች ያንኑ የ15 ዓመት ቀዳዳ ይዘው፣ ዴቢያን ላይ እንደወረደ የተጫነን ኪውሜይል ከሩቅ ገቡበት። የሜሞሪ ገደብ የተደረገለት አንደኛው የኪውሜይል ክፍል ብቻ ነበር፤ ደብዳቤውን ሜይል ቦክስ ውስጥ የሚያስቀምጠው ሌላኛው ክፍል ገደብ አልነበረውም። ኮዱ ከ1998 ጀምሮ አልተለወጠም። ሜሞሪ ነው የረከሰው።

ደግሞ ያ ንጹሕ ኪውሜይል ብቻውን ዛሬ ምንም አያደርግልዎትም። ግንኙነትን በቲኤልኤስ መቆለፍ አያውቅም። ሠራተኛ ከቤቱ ሆኖ ሲልክ ፓስወርድ መጠየቅም አያውቅም። እነዚህን ለመጨመር ሌሎች ሰዎች የጻፏቸውን ቅጥያዎች መጫን ግድ ነው፤ በርንስታይን ዋስትና የሰጠው ለእነሱ አይደለም። ሰርቨሩም ብቻውን አይኖርም። በሴፕቴምበር 2014 ሼልሾክ የተባለው ቀዳዳ ባሽ ውስጥ ተገኘ። ባሽ የትእዛዝ መጻፊያው ነው እንጂ የሜይል ነገር አይደለም። ነገር ግን ኪውሜይል ደብዳቤ ሲያደርስ ሌላ ፕሮግራም እንዲጠራ ተደርጎ የተዘጋጀባቸው ማሽኖች ላይ በአንድ ሜይል ብቻ መግባት ተቻለ። በዚህ ጊዜ ስህተቱ ኪውሜይል ውስጥ አልነበረም። ቤቱ ግን ተዘረፈ።

«እሺ፣ ፖስትፊክስስ?» ሊሉ ይችላሉ። እሱም ሌላ የሜይል ሰርቨር ነው፤ ራሴም እወደዋለሁ። ዊትሰ ቬኔማ ከመነሻው ለደህንነት አስቦ የሠራው ነው፤ ሥራውንም በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲቆም አድርጎታል። በዲሴምበር 2023 ግን እሱም አፕዴት አስፈለገው። ጉዳዩ አንዲት ነጥብ ናት። ሜይል የሚያልቀው ብቻዋን በአንድ መስመር ላይ በተቀመጠች ነጥብ ነው። ታዲያ መስመር የሚያልቀው በምን ዓይነት ምልክት ነው በሚለው ላይ ላኪውና ተቀባዩ ሰርቨር ትንሽ ቢለያዩ፣ አንዱ አንድ ደብዳቤ ነው ያለውን ሌላው ሁለት ነው ይላል። ሁለተኛው ደብዳቤ በማንም ስም የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ የአለቃዎን ስም ጨምሮ። ፖስትፊክስም፣ ሴንድሜይል የተባለው የቆየ የሜይል ሰርቨርም፣ ኤግዚምም ተነኩ። እያንዳንዳቸው ለብቻ ሲታዩ ደህና ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ችግሩ ሲነጋገሩ ነው የመጣው። አንድ ፕሮግራም «አለቀ፣ ተጠናቀቀ» ሊባል የማይችለው ለዚህም ነው፤ የሚያነጋግራቸውን ሌሎች ሰርቨሮች እሱ አይወስንም።

ቁልፎችም ያረጃሉ። በ2012 ዛካሪ ሃሪስ የተባለ የሒሳብ ባለሙያ፣ ጎግል ሜይሎቹ በእርግጥ ከእሱ እንደመጡ ለማሳየት የሚፈርምበት የዲኪም ቁልፍ 512 ቢት ብቻ መሆኑን አስተውሎ በ72 ሰዓት ግድም፣ በ75 ዶላር የክላውድ ኪራይ ሰበረው። መጀመሪያ ነገሩ የሥራ ቅጥር ፈተና መስሎት ነበር አሉ። ከ2018 ጀምሮ ደረጃው ከ1024 ቢት በታች አይሁን ይላል። በ2017 ከተተከለ በኋላ ማንም ያላየው ሰርቨር ላይ የእርስዎ ቁልፍ ስንት ቢት እንደሆነ ዛሬውኑ ይዩት።

ፋየርዎሉን በተመለከተ። ፋየርዎል የሚዘጋው በር ያስፈልጋል። የሜይል ሰርቨር ግን 25ኛው ፖርቱ ለማንም መንገደኛ ክፍት ካልሆነ ሥራው ቆመ ማለት ነው። ከዓለም ዙሪያ የማያውቀው ሰው የላከውን ተቀብሎ ማንበብ ነው ሥራው። ይህ ዛሬ የመጣ ችግር አይደለም። በኖቬምበር 1988 የሞሪስ ዎርም የተባለው ራሱን ከማሽን ማሽን የሚያባዛ ፕሮግራም ኢንተርኔትን ሲያናውጥ ከገባባቸው በሮች አንዱ ሴንድሜይል ነበር፤ ለሙከራ የተተወ የዲበግ አሠራር ሳይዘጋ ቀርቶ። ፋየርዎልዎ ሌሎች ፖርቶችን ይዘጋልዎታል፣ አያንሱት። የ2019ኙ የኤግዚም ጥቃት ግን በሕጋዊው በር፣ እንደ ማንኛውም ሜይል ነው የሚገባው።

አንቲቫይረሱም ሶፍትዌር ነው። በ2022 ዚምብራ በተባለው የሜይል ሰርቨር ላይ የሆነውን ልንገርዎ። የተጨመቀ ፋይል የያዘ ሜይል ይመጣል። ሰርቨሩ በአንቲቫይረስ ለማስመርመር ፋይሉን ይፈታዋል። ለመፍታት የሚጠቀምበት አሮጌ መሣሪያ ግን ፋይሉ «እዚህ አስቀምጠኝ» ያለበት ቦታ ሁሉ ያስቀምጠዋል፤ ዌብሜሉ ፎልደር ውስጥ ጭምር። በቃ፣ አጥቂው በር ሠራ። ማንም ሠራተኛ ሜይሉን መክፈት አላስፈለገውም። ሊጠብቅ የተቀመጠው ዘበኛ ነው በእጁ ያስገባው።

«ትንሽ ድርጅት ነን፣ ማን ይፈልገናል?» ብለው አልጻፉም፤ ግን አለቃዎ እንደሚሉት እገምታለሁ። ማንም አይፈልግዎትም። ፈልጎ የሚመጣ ሰው የለም። በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የተባለ መሣሪያ አወጡ፤ ከአንድ ማሽንና ከአንድ ጊጋቢት መስመር ተነስቶ የዓለምን የአይፒቪ4 አድራሻ በሙሉ፣ አንድ ፖርት እየጠየቀ፣ በ45 ደቂቃ ግድም ያዳርሳል። ማሽኑ የድርጅትዎን ስም አያውቅም። ኤግዚም 4.89 የሚል መልስ ሲያገኝ ይመዘግባል። እርስዎ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ነዎት።

ከገቡ በኋላ ምን ያደርጋሉ ለሚለው አንድ ያየሁትን ላውራ። ከዓመታት በፊት እንደ እናንተው ያለ አስመጪ ጠርቶኝ ነበር። ከውጭ አቅራቢያቸው ጋር ስለ አንድ ኮንቴነር ዕቃ ሲጻጻፉ ከርመዋል። የቅድሚያ ክፍያው ሊላክ ሦስት ቀን ሲቀረው «ባንካችን ኦዲት ላይ ነው፣ በዚህኛው አካውንት ላኩልን» የሚል ሜይል መጣ። ከሥሩ የቀድሞው ደብዳቤ ሁሉ እንዳለ አለ። ፕሮፎርማው ላይ ማህተሙም አለ። ያዳናቸው አፕዴትም አይደለም፣ እኔም አይደለሁም። ባንክ ውስጥ ያለች አንዲት ሠራተኛ የተቀባዩ ስም ፈቃዱ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም ብላ መለሰችው።

ሰርቨሩን ከፈትኩት። የፋይናንስ ኃላፊዋ ሜይል ቦክስ ውስጥ አንድ ፊልተር ተቀምጧል፤ «ፕሮፎርማ» ወይም «ኢንቮይስ» የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ወደ ውጭ አድራሻ ኮፒ ያደርጋል። ዌብሜሉ ፎልደር ውስጥ፣ ከድርጅቱ ሎጎ አጠገብ፣ ሎጎ የሚመስል ስም ያለው የፒኤችፒ ፋይል አለ። የገባበት ቀን ከስምንት ወር በፊት ነው። የሚያሳዝነው፣ ዌብሜሉን አፕዴት አድርገው ነበር። ፋይሉ ከገባ ከሁለት ወር በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ፓች በሩን ይዘጋል፤ ውስጥ ያለውን ሌባ አያስወጣም። በ2021 ኤክስቼንጅ የተባሉት የማይክሮሶፍት ሜይል ሰርቨሮች በብዛት ሲጠቁም እንዲሁ ነው የሆነው። ፓች ተጭኖም ጠላፊዎቹ የተዉዋቸው ፋይሎች በየማሽኑ ቀሩ፤ በመጨረሻ ኤፍቢአይ የፍርድ ቤት ፈቃድ አውጥቶ ከመቶዎች በሚቆጠሩ የሰው ሰርቨሮች ላይ ራሱ ገብቶ አጠፋቸው።

ለእርስዎ ይህ ምን ማለት ነው? እነዚህን ሁሉ ዓመታት ኢንተርኔት ላይ ክፍት የነበረ 4.89 አንድ ሰው እንዳልገባበት አድርጌ አላስብም። ተገብቶበታል ብለው ይነሱ። ካልተገባበት ደስ ይበልዎት።

ፍርሃትዎን ደግሞ አልንቀውም። አፕዴት ያበላሻል፤ ያውም አንዳንዴ ሆን ተብሎ። ኤግዚም ከ4.94 ጀምሮ፣ ከውጭ የመጣን ጽሑፍ እንደ ፋይል ስም አልጠቀምም ይላል። የላኪው ወይም የተቀባዩ ስም ሳይጣራ ወደ ፎልደር አድራሻ እንዳይገባ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን የድሮ ኮንፊግ የነበራቸው ብዙ ሰርቨሮች በማግስቱ ሜይል ማድረስ አቆሙ። ዴቢያን 13 ላይ ያለው ዶቭኮት 2.4ም የድሮውን ኮንፊግ እንዳለ አይቀበልም። ይሄ ሁሉ ግን የሚከብደው ዓመታት ለዘገየ ሰው ነው። በየሳምንቱ የሚያደርገው ሰው አንዲት ትንሽ ለውጥ ነው የሚገጥመው። እርስዎ የዓመታቱን በአንድ ሌሊት ሊከፍሉ ነው።

ደግሞ አንድ ያልተነገረዎት ነገር አለ። ዛሬ ድፍረት አግኝተው አፕዴት ቢጫኑም አይድኑም። ለዴቢያን 9 ይሰጥ የነበረው የተራዘመ ድጋፍ በጁን 30 ቀን 2022 አብቅቷል። ከዚያ በኋላ ለተገኘው ቀዳዳ ከዴቢያን የሚመጣልዎ ነገር የለም። ለምሳሌ በጁን 2025 ራውንድኪዩብ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ቀዳዳ ተገኝቷል፤ የአንድ ሠራተኛ ፓስወርድ ያለው ሰው ሰርቨሩን ሊቆጣጠርበት ይችላል። የተደፈነው 1.5.10 እና 1.6.11 ላይ ነው። ከ40 ሠራተኞች የአንዱ ፓስወርድ 123456 እንደማይሆን እርግጠኛ ነዎት?

ኦዲተሮቹ የቨርዥን ቁጥር ብቻ አይተው ከሆነ ግን በአንድ ነገር ልከላከልልዎ። ዴቢያንና መሰሎቹ ፓቹን ወደ ድሮው ቨርዥን መልሰው ነው የሚያስገቡት። ስለዚህ ድጋፍ ያለው ዴቢያን ላይ ቁጥሩ አሮጌ መስሎ ቀዳዳው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። መታየት ያለባት ከዋናው ቁጥር ኋላ ያለችው ትንሿ የፓኬጅ ቁጥር ናት። ተቃራኒውም አለ፦ ላይብረሪው አፕዴት ተደርጎ ሰርቪሱ ሪስታርት ካልተደረገ፣ ዲስኩ ላይ አዲሱ ተቀምጦ ሜሞሪ ውስጥ የሚሠራው አሮጌው ነው። ወራት እንዲህ የቆዩ ማሽኖች አይቻለሁ። ሪፖርቱ አረንጓዴ ነው፣ በሩ ክፍት ነው።

አፕዴት ምን እንደማያደርግም ይወቁ። የተሰረቀ ፓስወርድን አያስቆምም። ገና ማንም ያልደረሰበትን ቀዳዳ አይደፍንም። የ2021ዱ የኤክስቼንጅ ጥቃት የተጀመረው ፓቹ ከመውጣቱ ከሳምንታት በፊት ነው፤ አፕዴታቸውን በሚገባ የሚያደርጉ ሰዎችም ተጠቅተዋል። ባክአፕ፣ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ሎግ ማየት፣ አካውንት ሲቀየር ለአቅራቢው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ፦ እነዚህ ሁሉ ከአፕዴት ጎን ይሄዳሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ የሶፍትዌር ሳይሆን የሰው ነው። ሰርቨሩን ማን ይጠብቀዋል? አንደኛው መንገድ በራስ ይዞ መቀጠል ነው፦ አዲስ ዴቢያን፣ የደህንነት አፕዴት ራሱ እንዲጭን ተደርጎ፣ በሳምንት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት የሚመድብለት ሰው፣ ያ ሰው ዓመት ፈቃድ ሲወጣ የሚተካው ሌላ ሰው፣ መብራት አፕዴቱ መሃል ላይ ቢጠፋ የሚይዝ ዩፒኤስ። ሁለተኛው፣ ሰርቨሩን ግቢ ውስጥ አስቀምጦ ከፊቱ የሚቀበልና የሚያጣራ የሌላ ድርጅት አገልግሎት ማድረግ፣ ዌብሜሉንም ከቪፒኤን ጀርባ መደበቅ ነው። አደጋውን ይቀንሳል፤ ተንኮለኛው ሜይል ግን ተጣርቶም ቢሆን ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ከአፕዴት አያሳርፍም። ሦስተኛው ሜይሉን እየተጠበቀ ለሚያከራይ ድርጅት መስጠት ነው። እዚያ ጣጣው ዶላር ነው። በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ አቅራቢዎችና ወኪሎች አሉ፤ ውል ሲፈርሙ «ፓች የሚጭነው ማነው፣ በስንት ቀን ውስጥ?» ብለው በጽሑፍ ያስመልሱ። መልስ ከሌላቸው የእርስዎን ችግር ሌላ ክፍል ውስጥ ነው ያስቀመጡት።

ለ40 ሠራተኛና ለአንድ አይቲ የምመክረው ሦስተኛውን ነው። ኪውሜይልን ይርሱት። ብቻዎን ነዎት፤ ፕሪንተር ሲቆምም እርስዎ ነዎት፣ ኔትወርክ ሲሄድም እርስዎ ነዎት። የሜይል ሰርቨር ለእንደዚህ ዓይነት ሰው አይሆንም። ይህን ሰነፍ ነዎት ብዬ አይደለም፤ ሰዓቱ የለዎትም። ድርጅቱ በራሱ ሰርቨር እንቀጥል ካለ፣ ሁለተኛ ሰው መቅጠር ወይም ወርሃዊ የጥገና ውል መፈረም አለበት። ያለዚያ አይቀበሉት፤ አለመቀበልዎንም በጽሑፍ ያድርጉት።

በዚህ ሳምንት የሚያደርጉት ግን ይሄ ነው። ምንም ከመንካትዎ በፊት ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ኮፒ ያድርጉ፤ አንድ ነገር ከተገኘ ማስረጃው እሱ ነው። ዌብሜሉን ለውጭ ይዝጉ። የሩትን ክሮን (በሰዓቱ ራሱ የሚነሳ የሥራ ዝርዝር)፣ የተፈቀዱ የኤስኤስኤች ቁልፎችን (ከሩቅ ያለ ፓስወርድ መግቢያ)፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ፊልተርና ፎርዋርድ ይዩ፤ የ2019ኙ ጥቃት ክሮንና ቁልፍ ነበር የሚተወው። የኤግዚም ሎግ ውስጥ የዶላር ምልክትና «ራን» ያለበትን የተቀባይ አድራሻ ይፈልጉ። ብዙ ሙከራ ያገኛሉ፣ አይደንግጡ፤ የተሳካ አለ ወይ የሚለው ነው ጥያቄው። አሮጌውን ማሽን ከ9 ወደ 13 ደረጃ በደረጃ ለማሳደግ አይሞክሩ። አዲሱን ቦታ ባዶ አድርገው ይጀምሩና ደብዳቤዎቹን ብቻ ያሻግሩ፤ ኮንፊግም፣ ስክሪፕትም፣ ዌብሜል ፎልደርም አይሻገር። የሁሉንም ሠራተኛ ፓስወርድ ይቀይሩ፣ የዳይሬክተሩንም ጭምር። ፋይናንስ ክፍል ጋ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ይሂዱና ባለፉት ወራት «አካውንት ተቀይሯል» የሚል ሜይል ደርሷቸው እንደሆነ ይጠይቁ።